ከአሱር እስከ መግሪብ

ሞንጂያ የዚያን ቀን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታወራ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአምስተኛው ጊዜ መንቀጥቀጡ ቀረ። በዘጠነኛው ጊዜ እያወራች ሽንኩርት ትልጥ ጀመር። እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የታሪኩ ጠያቂዎቹ መለየት አቃታቸው፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ጠያቂዎቹ ከስፋቅስ ከተማ በመርከብ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያም አልፎ ከባሕር ማዶ። ቀርቀና ጠፍጣፋ ደሴት ናት፤ ከፍ ያለው ቦታዋ መቃብሩ ነው እየተባለ ይቀለዳል። ባሕር ሲጨምር ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። ከመጣ ወደ ታችኛው ሰፈር ይላካል፤ ታችኛው ሰፈር ሲደርስ ደግሞ፣ "ሞንጂያ ጋ ሂድ፣ እሷ ናት የምታውቀው" ይባላል። አንዱ መቅረጫ ይደቅንባታል። አንዱ መሬት ላይ በጠጠር ካርታ ሥሪልኝ ይላታል። አንዲት የባሕር ማዶ ሴት፣ "ባሕሩን በእንስሳ ብትመስይው በምን ትመስይዋለሽ?" ብላ በአስተርጓሚ ጠይቃት ነበር።

"በባሌ መስይላት!" አለች ጎረቤቷ ሳሲያ ከበሩ ላይ ሆና። "ሲያሰኘው ይገባል፣ ሲያሰኘው ይወጣል፤ ሲወጣም ቤቱን አቆሽሾ ነው።"

አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉም ዘለለው።

ሞንጂያ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ላይኛው መንደር ሲሆን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቲጃኒ የሚባል መርከበኛ አግብታ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች። ቲጃኒ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር ባሕር ላይ ነበር፤ በተጋቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት ስፋቅስ ሆስፒታል ውስጥ በጉበት ሕመም ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቿ፣ "በይ ወደ ቤትሽ ተመለሺ" ሲሏት፣ አማቷን ኦሚ ሽድሊያን ትቼ አልሄድም አለች። ደግነት አልነበረም፤ መሄጃው ራሱ አድካሚ ሆኖባት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የገብስ ኩስኩስ ስታበስል ኖረች። ቤት ስትመለስ ለዓሣ ማጥመጃው አጥር የሚሆነውን የዘንባባ ገመድ ከአማቷ ጋር ትገምዳለች። ኦሚ ሽድሊያ ምላሳቸው ስለት ነበር። ምራታቸውን ሲሰድቡ ውለው ማታ የዓሣውን ጉንጭ ለእሷ ያስቀምጡላታል።

የሞንጂያ ታሪክ እንዲህ ይላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ሰፈርተኛው በሙሉ ለሠርግ ወደ ላይኛው መንደር ወጥቶ ነበር። ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍሳል፤ ግን ንፋስ ሠርግ አያስቀርም። ኦሚ ሽድሊያ መራመድ ስለማይችሉ እሷ አብራቸው ቀረች። ልክ ጀምበር ስትጠልቅ፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ ባሕሩ እንደ ገነፈለ ድስት በአንድ ጊዜ መጣ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወገብ ደረሰ። አልጋውን ጠረጴዛ ላይ ጫነች፣ አሮጊቷን አልጋው ላይ አወጣች። የባሏ ወንድም ፈርሃት ትራክተሩን ይዞ ከላይኛው መንደር በረረ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ባሕሩ ቀድሞታል። ኦሚ ሽድሊያ ብርድ ገደላቸው።

እዚህ ላይ ጠያቂዎቹ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ እጇን ይይዛሉ። ከዚያ ለመርከቡ ሰዓት እየቸኮሉ ይሄዳሉ።

አሥራ ሁለተኛዋ ጠያቂ ኢብቲሃል ትባላለች፤ ስፋቅስ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የተራበች የምትመስል ልጅ ናት። ሞንጂያ ገና ስታያት፣ "መጀመሪያ ብዪ" አለቻትና የተረፈ ኩስኩስ ከነኦክቶፐሱ አቀረበችላት። ልጅቷም በላች። ከበላች በኋላ ነው፣ እንደ አክስት ‘ኻልቲ’ እያለቻት፣ ነገሯን የከፈተችው።

"ኻልቲ ሞንጂያ፣ ሌሎቹ ‘ወደፊት ምን ይመጣል?’ ብለው ነው የሚነሡት። መልሱ ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት፣ ምናልባት ነው። በምናልባት ማን ይነቃነቃል? እኛ በእውነት የሆነ አንድ ቀን እንይዛለን። ያንኑ ንፋስ፣ ያንኑ ሰፈር። ከዚያ ባሕሩን ብቻ እስከዚህ ከፍ እናደርገውና" እጇን ከወለሉ እስከ ጉልበቷ አነሣች፣ "ያ ቀን ወደፊት ቢመጣ እንዴት ይውል ነበር ብለን ታሪኩን እንጽፋለን። ሰው ቁጥር አያስታውስም፤ ታሪክ ያስታውሳል።"

"አንዴ የሰጠምነው አልበቃ ብሎ ደግማችሁ ልታሰጥሙን ነዋ።"

"በወረቀት ላይ ነው፣ ኻልቲ።"

"በወረቀት ከሆነ ጠይቂ" አለችና ሽንኩርቷን አነሣች።

ከአራት ወር በኋላ ኢብቲሃል የተጻፈውን ይዛ መጣች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ከፊት የወረዳው አስተዳደር የላከው ሰው በክራቫት ተቀምጧል። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ማንበብ ጀመረች። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ነው። ያው የክረምት ቀን፣ ያው ንፋስ። የመግሪብ አዛን ይሰማል። ባሕሩ ከድሮው በአርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይነሣል። በሃያ ደቂቃ ወገብ መድረሱ ቀርቶ በአሥር ደቂቃ አንገት ይደርሳል። በታችኛው ሰፈር ማንም አይተርፍም።

ሲ ቡበከር የሚባሉት አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ምርኩዛቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ በሁለት ሺህ ስልሳ እኔ መቶ ሦስት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ ከመጣ ራሴ ሄጄ ነው የምቀበለው። ምነው ቆየህ እለዋለሁ!"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳያልቅ ባለ ክራቫቱ ተነሣ። ጥናቱ በጣም ጠቃሚ ነው አለ። ለታችኛው ሰፈር የማስጠንቀቂያ ሳይረን ይተከል፣ መንገዱም ከፍ ይበል የሚል ጥያቄ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደነበረ፣ ግን ውሃው የሚሰጠው ጊዜ አሥርና ሃያ ደቂቃ ከሆነ ሳይረንም መንገድም እንደማይጠቅም፣ ስለዚህ ሰፈሩ በዕቅዱ ላይ ቀይ ሆኖ እንደሚቀባ አስረዳ።

"ቀይ ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ሳሲያ።

"ቤት አይታደስም፣ ቧንቧ አይዘረጋም ማለት ነው። ቀስ በቀስ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ..."

"ቀስ በቀስ በለኛ!" አለች ሳሲያ፤ ግን ቀልዷ አፏ ላይ ደረቀ። ባለፈው በጋ ነው ለልጇ ብላ ሁለተኛ ክፍል የሠራችው።

ሞንጂያ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ‘እንደ ገነፈለ ድስት’ የሚለውን ከወረቀቱ ላይ ሲነበብ ሰምታለች። የእሷ ቃል ነው፤ ከእሷ ወጥ ቤት የወጣ።

እውነቱ ሌላ ነበር።

ያን ቀን ውሃው በአንድ ጊዜ አልመጣም። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ መንገዱን አለፈ፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ዘመድ። ሞንጂያ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለፈርሃት ደወለች፤ አልተነሣም፤ ንፋሱ ኔትወርኩን ወስዶት ነው አለች። በአሱር አዛን፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ውሃው ግቢ ገባ። እንደገና ደወለች፤ አሁን ተነሣ። "ትራክተሩን ይዘህ ና፣ እናትህን እኔ ብቻዬን አልችላቸውም" አለችው። "መጣሁ" አላት። ከላይኛው መንደር ታችኛው ሰፈር በትራክተር ግማሽ ሰዓት ነው። ኦሚ ሽድሊያ፣ "ጫማዬን አምጪ፤ ባዶ እግሬን ሰው ቤት አልገባም" ብለው ተጫምተው ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ፈርሃት በትራክተሩ አዲሱን ጀልባውን ከወደቡ እየጎተተ ነበር። አንዴ ብቻ ላውጣውና እሄዳለሁ አለ፤ ገመዱ ተበጠሰበት፣ እንደገና አሰረ። ሲደርስ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር። እናቱ ጫማቸውን እንዳደረጉ አልጋው ላይ ቀዝቅዘዋል።

በማግስቱ የመንግሥት ሰዎች መጥተው፣ "ውሃው ስንት ሰዓት ገባ?" ሲሉ ፈርሃት ከግድግዳው ጋር ቆሞ ነበር። ምንም አላላትም። አያት ብቻ። ሞንጂያም፣ "በመግሪብ። በአንድ ጊዜ መጣ" አለች። ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ሰፈርተኛው ሠርግ ላይ ነው የነበረው። ሁለት ሰዓት ከቀኑ ቆርጣ ጣለች። ፈርሃት አራት ልጆች ያሉት ነው፤ መንደሩ ጠባብ ነው፤ የሞተው አይመለስም። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ባለው ቀን ኢብቲሃል ወረቀት በወረቀት ሆና መጣች። ሞንጂያ ምግብ ስታቀርብላት እንኳ አልነካችም።

"ኻልቲ፣ አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የወደቡን የውሃ መለኪያ መዝገብ ትናንት ነው የሰጡኝ። በመዝገቡ ውሃው ከዙህር ጀምሮ ነው ከፍ የሚለው። ስሌታችንም እርስዎ ግቢ የሚያስገባው በአሱር ነው፤ ከመግሪብ ሁለት ሰዓት ቀድሞ። አስተማሪዬ መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል አለኝ። ምክንያቱም በዚህ ሰፈር ላይ የተጻፉ አሥራ አንድ ጥናቶች አሉ፤ ሁሉም መግሪብ ነው የሚሉት።"

ሞንጂያ ቢላዋዋን ሽንኩርቱ ላይ አሳረፈች። አሥራ አንዱም ከአንድ አፍ ነው የወጡት።

"እኔም መለኪያውን ልተወው ነው" አለች ልጅቷ። "ብረት ከማምን እርስዎን ባምን ይሻለኛል።"

እንዲህ ባትላት ኖሮ ሞንጂያ ምናልባት ሽንኩርቷን ትልጥ ነበር። አሁን ግን ቢላዋውን አስቀመጠች። "ነገ ከሰዓት ተመለሺ" አለቻት። "ዛሬ ደክሞኛል።"

ያኑ ዕለት ፈርሃት ቤት ሄደች፤ የማጥመጃ ወጥመዱን ጓሮው ውስጥ ዘርግቶ ሲጠግን አገኘችው። ሽበቱ ከእሷ ይብሳል። ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው፤ ቀዩን ቀለም፣ መለኪያውን፣ ልጅቷን።

"ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለሽ፣ አሁን?" አለ ቀና ሳይል።

"አሁን ሰፈሩ ሊጠፋ ነው። ሁለት ሰዓት ነበረን ብል ሳይረን ይተከላል፤ ሰው ይወጣል። የለንም ስላልኩ ነው የሰረዙን።"

"ልጆቼ ምን ይላሉ? ልጄን ኸሚስን ልድረው ነው፣ ሞንጂያ። ‘እናቱን በጀልባ የለወጠ’ ሊባል ነው ሠርጉ ላይ?"

"ስምህን አልጠራም።"

"ትራክተር ያለው ሌላ ማን ነበር?"

ጎረቤት ቤት ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር።

"ያን ቀን ዋሺልኝ አላልኩሽም" አለ በመጨረሻ።

"አላልከኝም። አየኸኝ እንጂ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም በመጣ ቁጥር እከፍተዋለሁ። ፈርሃት፣ እኔ አንተን ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት። ያንን ውሸት ስናገር ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር አለ፤ በየጊዜው ይከብዳል። ሰለቸኝ፤ ደከመኝ።"

"አንቺ ደከመሽ!" ብሎ ወጥመዱን ወረወረው። "እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ በየቀኑ ምን እንደማይ ታውቂያለሽ?"

አላወቀችም፤ ጠይቃውም አታውቅም። ሳትሰናበት ወጣች።

በማግስቱ ኢብቲሃል ስትመጣ ሳሲያም ወንበሯን ይዛ ገባች፤ ማንም አልጠራትም፤ ግን ማስወጣት የሚችል አልነበረም። ሞንጂያ መናገር ጀመረች። ከዚህ በፊት እንደ ውሃ የሚፈስላት ታሪክ አሁን ተሰነካከለባት። የትኛው እንደ ሆነ፣ የትኛው በጠያቂ ብዛት እንደ ተጨመረ ግራ ገባት። እንደ ገነፈለ ድስት ልትል ብላ ዋጠችው። "ቀስ ብሎ ነው የመጣው" አለች። "በአሱር ግቢ ገባ። አማቴ ጫማ አደረጉ። ጠበቅን።"

"ማንን?" አለች ኢብቲሃል።

ሞንጂያ ወለሉን አየች። ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ፈርሃት ገባ። የዒድ ጃኬቱን ለብሷል። ሰላምታ ሳይሰጥ መሃል ቆመ።

"እኔን" አለ። "እኔን ነው የጠበቁት። ጀልባዬን እያወጣሁ ነበር። ጻፊ።"

የልጅቷ ብዕር አልተነቃነቀም።

"ጻፊ እንጂ! ደግሞ በአሱር አይደለም። በሰባት ሰዓት ተኩል ነው መጀመሪያ የደወለችው። ስልኩን አይቼ ኪሴ ከተትኩት። እጄ ገመድ ይዞ ነበር።"

ሞንጂያ ቀና አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ስልክ ንፋሱ ወሰደው ስትል ኖራለች። የምታማው ሰው የለም፤ ንፋስን ብቻ ነበር የምታማው።

"አይተኸው ነበር?" አለችው።

"አይቼው ነበር።"

ሳሲያ የተቀመጠችበትን ወንበር ስባ ብትሰጠው ፈርሃት አልተቀመጠም። የቀረውን ቆሞ ተናገረ፤ የገመዱን መበጠስ፣ መንገዱ ላይ ውሃው ትራክተሩን ያቆመበትን ቦታ፣ ሰዓቱን አንድ በአንድ። ኢብቲሃል እያለቀሰች ጻፈች። ሲጨርስ፣ "ስምዎን ልቀይረው እችላለሁ" አለችው።

"ስሙን እንደፈለግሽ አድርጊ። ሰዓቱን ግን አትንኪ" ብሎ ወጣ።

ሞንጂያ ያን ቀን ምሳም እራትም አልሠራችም። የተሻላት መስሏት ነበር፤ አልተሻላትም። ከደረቷ የወረደው ሸክም አለ፤ በምትኩ የወጣም አለ። ለፈርሃት ስትል ሁለት ሰዓት ሰርቃ ነበር፤ ለካስ ከእሷ የተሰረቀው፣ ከሰባት ተኩል እስከ መግሪብ፣ አራት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ጥናቱ እንደገና ተጻፈ። አሁን ሁለት ታሪክ ሆነ። ባሕሩ በሁለቱም ያው አርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በአንደኛው ማንም አይጠራም፣ ማንም አይሰማም፤ ሰፈሩ ያልቃል። በሁለተኛው ገና ውሃው መንገዱን ሳያልፍ ሳይረን ይጮኻል፤ ባሕሩ ከፍ ስላለ ጊዜው ከድሮው ያጥራል፣ ግን መንገዱ ከፍ ከተደረገ አንድ ሰዓት ተኩል ይኖራል፤ ቤቶቹ ይጠልቃሉ፣ ሰዎቹ ላይኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ሆነው ያያሉ። ሲ ቡበከር ሁለቱንም ሰምተው፣ "በሁለቱም እኔ ሞቻለሁ፤ ግን ሁለተኛው ይሻለኛል" አሉ።

ባለ ክራቫቱ ቀዩን ወደ ብርቱካንማ ለወጠው። ብርቱካንማ ማለት ቧንቧው ይጠገናል፣ መንገዱ ይታሰብበታል ማለት ነው። ሳይረኑ በዓመቱ ተተከለ፤ ለሙከራ ሲጮኽ ዶሮዎቹ ሁሉ ተበተኑ። መንገዱ ግማሽ ድረስ ከፍ ብሎ ቆመ፤ የቀረው አሁንም እየታሰበበት ነው።

መንደሩ ወሬውን ሰማ። አንድ ሳምንት ፈርሃት ቡና ቤት ሲገባ ጨዋታ ይቋረጥ ነበር። የኸሚስ ሠርግ ግን አልቀረም፤ ሞንጂያም ተጠርታ ሄደች፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ በላች፤ ከፈርሃት ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተው አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ዒድ ሲሆን አልመጣም። በሁለተኛው ዒድ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ አንድ ቅርጫት ዓሣ ሰጣትና፣ "ጨው ነክቼዋለሁ፣ አይበላሽም" ብሎ ሄደ። ይቅር አልሽው እንዴ ብላ ሳሲያ ስትጠይቃት፣ "እኔ እንጃ፣ ዓሣውን በልቼዋለሁ" አለች።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌሎች መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ትልቅ ካሜራ የያዙ። ሳሲያ መንገድ ላይ ተቀብላ አመጣቻቸው። ሞንጂያ በሩን በግማሽ ከፈተች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ባቄላ ጥዳ ነበር።

"ስለዚያ ቀን ከሆነ ወደ ፈርሃት ሂዱ" አለቻቸው። "ወደቡ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር።"

"እርስዎ ግን ጥሩ አድርገው ነው የሚያወሩት ብለውን ነበር" አለች ሴትዮዋ።

"እሱ ጥሩ አድርጎ አያወራም" አለች ሞንጂያ። "ይቆማል፣ ይረሳል፣ ይናደዳል። ታገሡት። ሰዓቱን ግን ያውቃል።"

በሩን ዘግታ ወደ ባቄላው ተመለሰች።